ከፊልሙ በኋላ የተጠየቀ ጥያቄ

ፊልማችን መጨረሻ ላይ ማህሌት የምትናገረው ነገር አለ። ፊልሙ በታየ ቁጥር ፕሮጀክተሩ አጠገብ የምቆመው እኔ ስለሆንኩ፣ ከማንም በላይ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ማህሌት የባቡር ሐዲዱን አጥር ተደግፋ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች በጣልያንኛ ትናገራለች፤ ከሥር ለወላጆች ብለን የጻፍነው አማርኛ ያልፋል። «እዚህ ተወለድኩ። እዚህ አደግኩ። ሌላ አገር ኖሬ አላውቅም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እመርጣለሁ። አንተስ? አንቺስ?» ከዚያ ምስሉ ይጠፋል፤ እኔም መብራቱን አበራለሁ።

ቃሉን ዛሬም ሳልሳሳት ልነግራችሁ እችላለሁ። እውነት ነበር ወይ ብትሉኝ ግን አላውቅም። ይህን የምጽፈውም ስላወቅኩ አይደለም፤ ከዚያ እሑድ እስከ ማክሰኞ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ስላልጠራልኝ ነው።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ስሜ ናትናኤል ነው፤ ጓደኞቼ ናቲ ይሉኛል። ከአገሬ የወጣሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በነበረው የስደተኞች ማዕከል ውስጥ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ካሜራ መያዝ ተማርኩ። የሚያርመኝ አስተማሪ ስላልነበረኝ ራሴን አብዝቼ አርማለሁ። ስክሪን ትንሽ ከዘመመ ፊልሙን ማየት ያቅተኛል። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ከፊልሙ በኋላ ውይይት ሲጀመር ካሜራዬን ተክዬ እቀርጻለሁ፤ አንድ ሰው ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ካለኝ ገመድ መጠቅለል እጀምራለሁ። የትም አገር መርጬ አላውቅም። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሥራ ያሠራኛል እንጂ አያስመርጠኝም። ወጣቶችን «ምረጡ» እያሉ ከሚዞሩ ልጆች ጋር ለምን እንደምዞር ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ፕሮጀክተሩን ከእኔ በቀር በደንብ የሚያስተካክለው ስለሌለ ይመስለኛል።

ፊልሙን የሠሩት ብሩክና ማህሌት ናቸው። ሁለቱም ሮም ተወልደዋል። ብሩክ አባቱ ቀደም ብለው ዜግነት ስላገኙ እሱም ጣልያናዊ ሆኖ ነው ያደገው፤ አፉ አያርፍም፤ የአባቱን አሮጌ መኪና እየነዳ፣ እያወራ፣ እየበላ ከሰፈር ሰፈር ያዞረን ነበር። የማህሌት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር ከውጭ ዜጎች የተወለደ ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው ኮሙኔ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሄዶ «ዜጋ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ መፈረም ይችላል፤ አሥራ ዘጠኝ ከሞላው በኋላ ግን ያ በር ይዘጋበታል። ከተወለደ ጀምሮ ሳያቋርጥ እዚህ መኖሩንም ማሳየት አለበት። ማህሌት ፊልሙን ይዘን በምንዞርበት ሩጫ ዛሬ ነገ ስትል ቆይታ፣ ቀጠሮዋ ልደቷ ሊደርስ ሲል ማክሰኞ ላይ ወደቀ።

«አንድ ፊርማ ናት» ትል ነበር። «ፈርሜ መጥቼ ቀጥታ እመርጣለሁ።»

እሑድ ቶር ፒኛታራ የሚባል የሮም ሰፈር ነበርን። ያገሬ ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰቡበት አንድ አዳራሽ አለ፤ መስኮቶቹ ትልልቅ ስለሆኑ ጥቁር ፕላስቲክ ለጥፌ ቀኑን አጨለምኩት። ወጣቶቹ ከኋላ፣ እናቶች መሀል፣ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀመጡ። የማህሌት እናት እትዬ ጥሩወርቅም መጥተው ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደሩ ይሠራሉ፤ እረፍታቸው እሑድ ስለሆነ ልጃቸውን በስክሪን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጃቸው በታየች ቁጥር አጠገባቸው ያለችውን ሴት በክርናቸው ይጎሽሙ ነበር።

ፊልሙ አለቀ። መብራት አበራሁ። ከፊት ወንበር ጋሽ ተካ ተነሡ። ጋሽ ተካ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ሮም ስንት ዓመት እንደኖሩ ሰው ሲጠይቃቸው «አንተ ሳትወለድ» ነው መልሳቸው። ወጣት ባዩ ቁጥር አማርኛውን ሳይፈትኑ አያሳልፉም።

«ልጅቷን አንድ ነገር ልጠይቃት» አሉ።

«ይጠይቁ ጋሼ» አለ ብሩክ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ።

«አንተን አላልኩም። የአንተን አማርኛ ሰምቻለሁ፤ ለዛሬ ይበቃኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። ብሩክም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የተወጋ መሰለ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ተካ፣ «እዚህ ተወለድኩ፣ እዚህ አደግኩ ትያለሽ። ቅድም መግቢያው ላይ ስታናግሪኝ ግን የጉለሌ ልጅ ነው የመሰልሽኝ። የእኔ ልጆች ውሃ ስጠኝ ለማለት እንኳ እጃቸውን ነው የሚያወናጭፉት። ይህን አማርኛ ከየት አመጣሽው? ወይ ፊልሙ ዋሽቷል፣ ወይ እናትሽ መድኃኒት አላት።»

ማህሌት እየሳቀች ልትመልስ አፏን ስትከፍት እትዬ ጥሩወርቅ ከመሀል ብድግ አሉ።

«መድኃኒትስ የለኝም ጋሽ ተካ!» አሉ። ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሹን ሞላው። «ሰው ልጆቻችሁ ፈረንጅ ሆኑ እያለ ሲስቅብን ይውላል። በእኔ ልጅ ግን ማንም አይስቅባትም! ገና ስትድህ ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት። አራት ዓመት እስኪያልፋት ጉለሌ ነው ያደገችው። ስትመጣ አንዲት የጣልያን ቃል አታውቅም ነበር። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኳት!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለእናትየው እጅ ነሡ።

እኔ መጀመሪያ እናትየውን ቀርጬ፣ በዚያ ሰዓት ግን ካሜራዬን ወደ ማህሌት አዙሬ ነበር፤ ብርሃኑ እሷ ላይ ጥሩ ስለነበረ ብቻ ነው። ፈገግታዋ አልጠፋም። ዓይኖቿ ግን መጀመሪያ ብሩክን፣ ከዚያ መሬቱን፣ ከዚያ ሌንሱን አዩ። ሰው እልል እየተባለለት እንዲህ ያለ ፊት ሲኖረው አይቼ አላውቅም። ለቅጽበት እንኳን ደስ አለሽ ልበላት ወይስ ልደግፋት ጠፋኝ።

ውጭ መኪናው ጋ ስንደርስ ማህሌት በሩን ይዛ ቆመች።

«ጉለሌ የቆየሽው አንድ ክረምት ነው የተባልኩት» አለች። «አንድ ክረምት! አረንጓዴ የብረት በር አስታውሳለሁ፤ ከሥሩ ድመት ታሾልካለች። ሕልም ነበር የሚመስለኝ። ብሩክ፣ ሳያቋርጥ ነው እኮ የሚለው ሕጉ።»

«አሎራ፣ ተረጋጊ» አለ ብሩክ። «ማን ያውቃል?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው! ደግሞ እኔ ስክሪን ላይ ሌላ አገር ኖሬ አላውቅም እያልኩ! ናቲ፣ የቀረጽከውን አጥፋው።»

«እንዳታጠፋው!» አለ ብሩክ። «እብድ ነሽ? ይኼ ከሠራነው ፊልም ሁሉ ይበልጣል። እናትሽን አይተሻታል?»

«ሕይወቴ ነው ብሩክ! ያንተ የምርጫ ካርድ ቤትህ መጥቶልሃል።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሚሞሪ ካርዱን አውጥቼ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ አስገብቼው ነበር። «ቫ ቤኔ» አልኩ፤ እሺ ማለቴ ነው። ለማን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ይህን ስንባባል ጋሽ ተካ ከኋላችን ደረሱ። «እናትሽን እግሯን ሳሚ» አሏት ማህሌትን፣ ደስ ብሏቸው። «እንዲህ ያለች እናት...» ፊቷን ሲያዩ ግን አቋረጡ።

«ጋሼ፣ በጥያቄዎ ቺታዲናንሳዋን፣ ዜግነቷን፣ ሊያስቀሯት ነው» አለ ብሩክ፤ ነገሩንም በአጭሩ ነገራቸው።

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ፤ መልሰው ደግሞ አዞሩ። «እኔ እኮ አማርኛዋ ገርሞኝ ነው» አሉ። «መጠየቅ ብቻ ነው የጠየቅኩት።» ቀስ ብለው ወደ ፌርማታው ሄዱ። የደረሰው ትራም ላይ አልተሳፈሩም፤ ቆመው አሳለፉት።

ሰኞ እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉልኝ። እኔ ዘንድ ሲደውሉ የመጀመሪያቸው ነው። ማህሌት ስልክ አላነሣ ብላቸዋለች። ከሰዓት ላይ ሲኞራዋን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ፓርኩ ስለሚያወጡ እዚያ እንድመጣ ነገሩኝ። ስደርስ አሮጊቷ ዛፍ ሥር በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ያንቀላፋሉ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉኝ ሰላምታ ሳይጨርሱ። «ደግ ነገር አይደል የተናገርኩት? ያ ሁሉ ሰው እልል ብሎ የለም? ልጄ ለምን አኮረፈችኝ? እስቲ አንተ ነገሩን አስረዳኝ።»

ካሜራውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ካርዱን ከተትኩበትና አሳየኋቸው። በትንሿ ስክሪን የራሳቸውን ድምፅ እየሰሙ የልጃቸውን ፊት አዩ። ከዚያ ሕጉን ነገርኳቸው። ሳያቋርጥ የሚለውን ስነግራቸው የሲኞራዋን ብርድ ልብስ ያለ ምክንያት አስተካከሉ።

«ክረምት ብቻ ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ትልቅ ስትሆን ለምን ሰጠሽኝ እንዳትለኝ። ናቲ፣ ያኔ የምሠራበት ቤት ልጅ ይዘሽ አትግቢ አሉኝ። ውጭ ተከራይቼ እንዳልኖር ደመወዙ አይበቃም። ያኔ እኮ እያደረች የምትሠራ ሁሉ እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ግማሻችን ልጆቻችንን አዲስ አበባ ነው ያሳደግነው። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ነውር አይደለም። እኔ የሮጥኩት ልጄ አማርኛ ታውቃለች ለማለት ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈኝ የምኮራበት ነገር ያ ብቻ ነው።»

ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ ወደ ኪሴ መለስኩት።

«ነገ የኮሙኔው ሰው ከጠየቀኝ ወጥታ አታውቅም እላለሁ» አሉ። «ትናንት የተናገርኩትን አልተናገርኩም እላለሁ። ምን ችግር አለው? እላለሁ። አንተ ብትሆን አትልም?»

«አላውቅም እትዬ።»

«አንተ ደግሞ አላውቅም ብቻ ነው የምትለው» አሉና በዚያ ሁሉ መሀል ትንሽ ሳቁ። «ነገ ግን አብረኸን ና። ብቻችንን ከሆንን እንጣላለን።»

ማክሰኞ ጠዋት ሦስታችን ኮሙኔው ኮሪደር ውስጥ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ እኔ መሀል። እናቲቱ ከሲኞራዋ ልጅ በልመና የግማሽ ቀን ፈቃድ አግኝተዋል። ማህሌት ሰላም ብላቸዋለች፤ ከዚያ ሌላ አልተነጋገሩም። ብሩክ «ቅረጽ፣ ባይሆን በስልክ» እያለ ይጽፍልኛል። ስልኬን አጠፋሁት። ያ ካርድ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላጠፋሁትም፣ ለማንም አልሰጠሁትም።

ስማችን ሲጠራ ገባን። ሠራተኛዋ ክፉም ደግም አልነበረችም፤ ሥራዋን የምትሠራ ሴት ነበረች። የልደት ወረቀቱን አየች። የትምህርት ቤቱን አየች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ባሉት ዓመታት ምንም የለም» አለች። «የክትባት ደብተር? የልጆች ሐኪም?»

ሠራተኛዋ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዞረች።

«ሲኞራ፣ ሕፃኗ በእነዚህ ዓመታት የት ነበረች?»

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አሠሪ ፊት የሚያሳዩትን ያን ጨዋ ፈገግታ ፊታቸው ላይ አየሁት። አፋቸውን ከፈቱ።

«አዲስ አበባ ነበርኩ» አለች ማህሌት በጣልያንኛ። «አያቴ ጋ። እናቴ እያደረች ትሠራ ስለነበር።»

ለሠራተኛዋ ነው የተናገረችው፤ ዓይኗ ግን እናቷ ላይ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ይህች ልጅ አሁን ራሷን ገደለች ወይስ አዳነች ብዬ ሳስብ ሠራተኛዋ መጻፍ ጀምራ ነበር። ብዙ ጻፈች። አድራሻቸው በዚያ ዘመን ሮም ተመዝግቦ ቆይቶ እንደሆነ ጠየቀች፤ እናቲቱ «አዎ፣ እኔ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። ለምን እንደላኳት፣ ለምን እንደመለሷት ጠየቀች፤ ነገሯት። በመጨረሻ ማህሌትን አስፈረመቻት።

«ቃልሽን በጊዜው ሰጥተሻል» አለቻት። «ዓመታቱ ይቆጠሩልሻል ወይስ አይቆጠሩም የሚለውን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ይታያል። መልስ ይላክልሻል።»

«ከምርጫው በፊት?» አለች ማህሌት።

ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች። በፊት አይሆንም ማለቷ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ክንዷን መቷት፤ የምርም አልነበረም፣ የቀልድም አልነበረም።

«ለምን? እኔ እል ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ እማ። ለዛ ነው።»

ሌላ አልጨመረችም። እናትየው ትንሽ ቆመው አዩዋት። ከዚያ የጃኬቷን ዚፕ እንደ ትንሽ ልጅ እስከ አገጯ ድረስ ዘጉላት። ማህሌትም ሳትከፍተው እስከ አውቶቡሱ ሄደች።

ፊልሙን ቀየርነው። ማህሌት ያንኑ አጥር ተደግፋ እንደገና ቆመች፤ «እዚህ ተወለድኩ። ወደ ሌላ አገር ተላክሁ። ተመልሼ መጣሁ። ዘንድሮ አልመርጥም፤ ወደፊት ልምረጥ አልምረጥ ሌላ ሰው ይወስናል። አንተ ግን የሚከለክልህ ማነው?» አለች። እናትየውን ለማስገባት ካርዱን ይዤ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ የመጀመሪያውን አልፈቀዱም፤ «ሻሼ ዘሟል፣ እንደገና ቅረጸኝ» አሉ። ቀረጽኳቸው። ሁለተኛው የተስተካከለ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ይሻላል። ሁለቱንም አስቀምጫለሁ።

የምርጫው ቀን ብሩክን አጅበን ቶር ፒኛታራ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄድን። እሱ ሲገባ እኔና ማህሌት ከደጁ ግንብ ላይ ተቀመጥን። ካሜራዬ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ሲሻገሩ አየን፤ ጋሽ ተካ ናቸው። ማህሌት ፊት መጥተው ከኪሳቸው የምርጫ ካርዳቸውን አወጡ። አዲስ ይመስላል።

«ይኼን መንግሥት ከላከልኝ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነው» አሉ። «እዚህ አገር መርጬ አላውቅም። ሁሉም አንድ ናቸው ስል ኖርኩ።» ትንሽ ተንተባተቡ። «እና... ማንን ልምረጥልሽ?»

ማህሌት መጀመሪያ ሳቀች። «ጋሼ፣ እንዲህ አይጠየቅም እኮ። የራስዎን ነው የሚመርጡት።»

«የራሴን ብዬማ ከቤቴ አልወጣሁም» አሉ ጋሽ ተካ። «ንገሪኝ። ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠይቅሽም።»

ከግንቡ ወረደች። ክንዳቸውን ይዛ እስከ በሩ አብራቸው ሄደች፤ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ ታወራ ነበር። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ስትመለስ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ተውኩት።

ወጣቶችን ልናስመርጥ ያን ሁሉ ሰፈር ዞርን። ስንቱ ሰምቶን እንደሄደ አላውቅም። በዓይኔ አይቼ እርግጠኛ የሆንኩት አንድ ሰው ቢኖር ጋሽ ተካ ናቸው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ የማህሌትን ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ዝም ብትል ኖሮ እናቷ ትዋሽላት ነበር፤ ምናልባት ያልፍላት ነበር። ምናልባትም አንድ የፓስፖርት ማህተም ያጋልጣት ነበር። መልሱ ይህን እስከጻፍኩበት ቀን አልመጣም። ትክክል አደረገች ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እሷንም ጠይቄያት ትከሻዋን ነው ያነሣችው። እኔ የማውቀው በእኔ ላይ የሆነውን ነው። ከዚያ ወዲህ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ፊልሙን ስናሳይ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ካሜራ የያዝከው፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። እጄ እንደ ልማዱ ገመዱን ማንሣት ጀምሮ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። «አላውቅም» አልኩ። ግን ቆሜ ነው ያልኩት፤ ካልኩም በኋላ አልተቀመጥኩም፤ የማላውቀውን አንድ በአንድ መናገር ጀመርኩ። ሰዉ ሰማኝ።

ጋሽ ተካ በምርጫው ቀን ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ፊታቸው ግራ የተጋባ ነበር። ብሩክ «እንዴት ነበር ጋሼ?» አላቸው። ጣቶቻቸውን እያዩ ቆሙ።

«በእርሳስ ነው እንዴ የሚመረጠው?» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር፣ በእርሳስ?» ከዚያ ወደ ማህሌት ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይዞሽ። ጠበቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»